ደመወዝ ሲቀነስ ዕዳው አብሮ አይቀነስም

ከጥቂት ዓመታት በፊት የምሠራበት ድርጅት የሁላችንንም ደመወዝ በሩብ ቀነሰ። ደብዳቤው አጭር ነበር። ሥራዬም ወንበሬም እንዳለ ነው። «ደግነቱ ከሥራ አልወጣሁም» ብዬ ተጽናናሁ። በዚያ ወር ዕዳዬን ሁሉ እንደ ወትሮው ከፈልኩ። የባንኩን፣ በዱቤ የገዛሁትን ዕቃ፣ ከጓደኛዬ የወሰድኩትንም። ወሩ ከመጋመሱ እጄ ባዶ ሆነ። ቀሪዎቹን ቀናት የገፋሁት በአዲስ ብድር ነው። በሦስተኛው ወር የባንኩ ክፍያ መዘግየት ጀመረ። ባንኩ ዘንድ የሄድኩት ግን በአምስተኛው ወር ነው፤ ያውም ጠርተውኝ።

ያኔ ያደረግኩት ነገር ሁሉ በመጀመሪያው ወር ቢደረግ ኖሮ ዋጋው ግማሽም አይሆንም ነበር። ዛሬ ልነግራችሁ የፈለግኩት ይህንኑ ነው። ደመወዝ ሲቀነስ ትልቁ ጉዳይ የገንዘቡ መጠን ብቻ አይደለም። አበዳሪው ጉዳዩን የሚሰማው መቼና ከማን ነው? ከእናንተ አፍ ነው ወይስ ከቀረው ክፍያ?

መጀመሪያ ግን ሒሳቡን እንየው።

ሃያ ሲቀነስ ለምን ከሃያ በላይ ይጎዳል

ደመወዛችሁ 100 ነበር እንበል። ከዚያ ላይ 35 ለዕዳ ይሄዳል። 50 ለቤት ኪራይ፣ ለምግብ፣ ለመብራት፣ ለትራንስፖርት። 15 ይተርፋል። አሁን ደመወዙ በ20 በመቶ ተቀነሰና 80 ሆነ። ዕዳው ግን 35 እንዳለ ነው። ኑሮውም 50። ድምሩ 85። የተረፈው 15 ጠፍቶ ሌላ 5 ጎደለ። ዕዳው ከገቢያችሁ 35 በመቶ ነበር፤ አሁን ወደ 44 በመቶ ወጣ። ማንም ብድር ሳይጨምርባችሁ ዕዳችሁ ከበደ ማለት ነው።

ብድሩ በቀጥታ ከደመወዝ የሚቆረጥ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ከ100 ላይ 25 ተቆርጦ 75 ይደርሳችሁ ነበር። ደመወዙ 80 ሲሆን ያው 25 ተቆርጦ እጃችሁ የሚገባው 55 ነው። ደብዳቤው «20 በመቶ» ይላል፤ ኪሳችሁ የሚያየው ግን ከሩብ በላይ ቅናሽ ነው። ስለዚህ በደብዳቤው ላይ ባለው ቁጥር አታስቡ። ግብሩ፣ ጡረታው፣ ተቆራጩ ሁሉ ከወጣ በኋላ እጃችሁ የሚገባው ስንት ነው? የሒሳብ ክፍሉን ጠይቁና ከደመወዝ ቀን በፊት እወቁት። የደመወዝ ቀኑም ተለውጦ እንደሆነ ጠይቁ። ባንኩ በየወሩ በ25ኛው ቀን በራሱ የሚቆርጥ ከሆነና ደመወዙ በ30ኛው ከገባ፣ ገንዘቡ እያላችሁ ቅጣት ትከፍላላችሁ።

ወረቀት አውጡ

ዕዳን በጭንቅላት መያዝ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት የሕንድ ሸንኮራ አገዳ ገበሬዎችን ከምርት በፊትና በኋላ ፈትኗቸው ነበር። ያው ሰው እጅ ሲያጥረው የማሰብ ፈተናው ውጤት ዝቅ ብሎ ተገኘ፤ ምርቱ ተሸጦ ገንዘብ ሲያገኝ ደግሞ ተሻሻለ። ሰውዬው አልተለወጠም። የገንዘብ ጭንቀቱ የአእምሮውን ቦታ ይዞበት ነበር። በዚያ ሰሞን የገዛ ዕዳዬ ድምር ስንት እንደሆነ ብትጠይቁኝ መመለስ አልችልም ነበር። ስለዚህ ጻፉት።

ለእያንዳንዱ ዕዳ፦ ለማን፣ ቀሪው ስንት፣ በወር ስንት፣ በየትኛው ቀን። ከዚያ ብዙ ሰው የሚዘላቸውን ሁለት ነገሮች ጨምሩ። አንዱ ብዘገይ ምን ይከተላል የሚለው ነው። ቅጣት ብቻ ነው ወይስ ቤት ወይም መኪና ይወሰዳል? ዋስ አለበት? ዋስ ካለበት ያ ዕዳ የእናንተ ብቻ አይደለም። እናንተ ስትቀሩ አበዳሪው የሚደውለው ለእሱ ነው። እሱ ወሬውን ከባንክ ሳይሆን ከእናንተ መስማት አለበት። ይህ የክብር ጉዳይ ነው።

ሁለተኛው ወለዱ እንዴት እንደሚሰላ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነውና። ወለድ ሁለት ዓይነት አሰላል አለው። አንደኛው በቀሪው ብድር ላይ የሚሰላ ነው። ከዋናው ብድር በከፈላችሁ ቁጥር ወለዱም እየቀነሰ ይሄዳል። ሁለተኛው እስከ መጨረሻው ድረስ መጀመሪያ በወሰዳችሁት ሙሉ ገንዘብ ላይ የሚሰላ ነው። ግማሹን ብትከፍሉም ወለዱ ያልከፈላችሁ ያህል ይታሰባል።

120,000 ተበድራችሁ በዓመት 10 በመቶ ወለድ በዚህ በሁለተኛው አሰላል ተባላችሁ እንበል። ወለዱ 12,000 ነው። ድምሩ 132,000፤ ለ12 ወር ሲካፈል በወር 11,000። ቀላልና ርካሽ ይመስላል። ነገር ግን 120,000ው ዓመቱን ሙሉ እጃችሁ ላይ አልቆየም፤ በየወሩ ስትመልሱት ነበር። ይህንኑ ክፍያ በቀሪው ብድር ላይ በሚሰላው መንገድ ብታሰሉት ወለዱ በዓመት ወደ 18 በመቶ ይጠጋል። ስለዚህ «10 በመቶ» የተባለው ብድር ከጎኑ ካለው «15 በመቶ» ብድር ሊከብድ ይችላል። ውላችሁን አውጡና አሰላሉን እዩ። ካልገባችሁ አበዳሪውን ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው።

ማን ይቅደም?

እጅ ሲያጥር ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምንከፍለው ቶሎ ቶሎ ለሚደውለው ነው። ለሚጮኸው። እኔም እንደዚያው አደረግኩ። በዱቤ ዕቃ የሸጠኝ ሰው በየቀኑ ስለሚደውል እሱን አስቀደምኩ። ዝም ያለው ባንክ ግን ቤት በመያዣ የያዘው ነበር። የሚጮኸው ብዙ ጊዜ የሚጮኸው በእጁ ሌላ መያዣ ስለሌለው ነው።

ቅደም ተከተሉ የሚወጣው ክፍያው ሲቀር ከሚከተለው ጉዳት ነው። ከሁሉም በፊት መኖሪያ፣ ምግብ፣ መድኃኒትና ወደ ሥራ የሚያደርሳችሁ ትራንስፖርት። ይህን ስግብግብነት አድርገው የሚያዩ አሉ። አይደለም። ሥራ ካልደረሳችሁ ማንም ዕዳውን አያገኝም። ቀጥሎ መያዣ ያለበት፣ በተለይ የምትኖሩበት ቤት ወይም እንጀራ የምታገኙበት ዕቃ። ከዚያ ዋስ ያለበት። ከዚያ ሌላው።

የወዳጅና የቤተሰብ ብድር የት ይግባ? ወለድ የለውም፤ ውልም የለውም። ስለዚህ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ይወድቃል። በገንዘብ ሒሳብ ካየነው መጨረሻ መሆኑ ልክ ሊሆን ይችላል። በዝምታ ከሆነ ግን ልክ አይደለም። «ወንድሜ፣ ደመወዜ ተቀንሷል። ያንተን አልረሳሁም። ለስድስት ወር በወር ይህን ያህል ብቻ ልስጥህ» ማለት ይቻላል። ትንሽም ብትሆን በየወሩ ስትደርሰው ሰውዬው እንዳልረሳችሁት ያውቃል። ጓደኝነት የሚበላሸው በአብዛኛው ስልክ ሳይነሳ ሲቀር ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ክፍያው ከመቅረቱ በፊት አበዳሪው ዘንድ ሂዱ።

ለምን ከመቅረቱ በፊት? ባንክ ብድር ሲበላሽበት እሱም ይጎዳል። በብዙ አገሮች የባንክ አሠራር ክፍያው ከ90 ቀን በላይ የቆየ ብድር «የተበላሸ ብድር» ተብሎ ይመደባል። ባንኩ ለዚያ ብድር ከትርፉ ላይ መጠባበቂያ መያዝ አለበት። መያዣውን በሐራጅ መሸጥም ጊዜና ወጪ አለው፤ ብዙ ጊዜም ከገበያ ዋጋ በታች ነው የሚሸጠው። ስለዚህ ባንኩ በትንሹም ቢሆን ሳይቋረጥ የሚከፍል ሰው ይፈልጋል። በመጀመሪያው ወር ስትሄዱ ንጹሕ ታሪክ ይዛችሁ ነው። አንድም ክፍያ አላለፋችሁም። ያ ታሪክ በድርድሩ ላይ ያላችሁ ትልቁ አቅም ነው። ከሦስት ወር በኋላ ያው ጥያቄ በውዝፍ፣ በቅጣትና በማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ታጅቦ ነው የሚቀርበው። የሚያነጋግራችሁ ሰውም ይለወጣል። በፊት የብድር ክፍሉ ነበር፤ አሁን ጉዳዩ አስመላሹ ወይም የሕግ ክፍሉ ዘንድ ነው።

ምን ይጠየቃል? በጣም የተለመደው ጊዜ ማራዘም ነው። ጥቅሙንም ዋጋውንም በቁጥር እዩት። 120,000 ቀሪ ብድር አለ፤ ወለዱ በቀሪው ብድር ላይ በዓመት 18 በመቶ፣ ማለትም በወር 1.5 በመቶ ነው። ቀሪው ጊዜ 24 ወር ከሆነ የወር ክፍያው ወደ 5,990 ይሆናል። ወደ 36 ወር ቢራዘም ወደ 4,340 ይወርዳል። በወር 1,650 ያህል ተነፈሳችሁ። ጠቅላላ ወለዱ ግን ከ23,800 ገደማ ወደ 36,200 ገደማ ወጣ። እፎይታውን የገዛችሁት በ12,400 ነው። ውድ ነው? አዎ። ቤት ከማጣትና በቅጣት ላይ ቅጣት ከመክፈል ግን ይሻላል። እኔ ከመቅረት ማራዘምን እመርጣለሁ፤ የምጠይቀው ግን የሚያስፈልገኝን ያህል ብቻ ነው። 30 ወር የሚበቃኝ ከሆነ 48 ወር ሲሰጡኝ አልቀበልም።

ሌላው የእፎይታ ጊዜ ነው። ለሦስት ወር ክፍያ ይቁምልኝ ማለት ነው። ጥሩ ይመስላል፤ ግን አንድ ጥያቄ ጠይቁ። በእነዚህ ሦስት ወራት ወለዱ ይቆማል ወይስ ይቆጠራል? አብዛኛውን ጊዜ ይቆጠራል። በላይኛው ብድር ላይ ሦስት ወር ምንም ሳትከፍሉ ብትቆዩና ወለዱ በዋናው ላይ ቢደመር ዕዳው ከ120,000 ወደ 125,500 ገደማ ያድጋል። ከዚህ የተሻለው አማራጭ ለተወሰኑ ወራት ወለዱን ብቻ መክፈል ነው። በወር 1,800 ትከፍላላችሁ፤ ዕዳው ባለበት ይቆያል። ብዙ ሰው ይህ አማራጭ መኖሩን ስለማያውቅ አይጠይቅም። የክፍያ ቀን መቀየር፣ የተከማቸ ቅጣት ማስቀረትም ሊጠየቅ ይችላል። ሁሉም አበዳሪ ሁሉንም አይፈቅድም። ያልተጠየቀ ግን አይሰጥም።

ስትሄዱ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። የደመወዝ ቅነሳውን ደብዳቤ፣ የአዲሱን ደመወዝ ማስረጃ፣ የወር ወጪያችሁን በአንድ ገጽ ያዙ። ከሁሉም በላይ አንድ ቁጥር ያዙ። «ተቸግሬአለሁ፣ እርዱኝ» ብቻ ካላችሁ የሚያነጋግራችሁ ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት አያውቅም። እንዲህ በሉ፦ «ደመወዜ ከዚህ ወር ጀምሮ ተቀንሷል፤ ደብዳቤው ይኸው። እስካሁን አንድም ክፍያ አላሳለፍኩም። አሁን በየወሩ ሳላቋርጥ መክፈል የምችለው 4,400 ነው። ጊዜው በዚያ ልክ ቢስተካከልልኝ።»

«ሳላቋርጥ» የምትለዋ ቃል ከባድ ናት። ቁጥሩን ስትመርጡ ተጠንቀቁ። ፊት ለፊት ስንቀመጥ ማፈር አለ፤ ስናፍር ደግሞ ከአቅማችን በላይ ቃል እንገባለን። እኔ በአምስተኛው ወር የገባሁትን ቃል በሰባተኛው አፈረስኩት። ሁለተኛ ጊዜ ስሄድ ፊታቸው እንደ መጀመሪያው አልነበረም፤ እውነታቸውን ነው። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ ከወጣው ቁጥር ትንሽ ዝቅ ብላችሁ ተነሡ። ሕመም አለ፤ የልጅ ወጪ አለ፤ ያልታሰበ ነገር አይጠፋም።

የተስማማችሁበትን በጽሑፍ ተቀበሉ። በስልክ «እሺ ችግር የለም» የተባለ ነገር የስምምነት ማስረጃ አይሆንም። የተናገረው ሰው ሊዛወር ይችላል። አዲሱ ክፍያ፣ አዲሱ ጊዜ፣ ወለዱ፣ የማሻሻያ ክፍያ ካለ እሱም በወረቀት ይውጣ። ዋስ ካለ የእሱ ፊርማ ያስፈልግ እንደሆነም ጠይቁ።

ከድጡ ወደ ማጡ

በዚህ ሰዓት በጣም የሚያጓጓው ነገር ዕዳን በዕዳ መክፈል ነው። በተለይ በስልክ በደቂቃ የሚገኘው ፈጣን ብድር። «8 በመቶ ብቻ» ይላል። ግን 8 በመቶው ለ30 ቀን ነው። በየወሩ እያደሳችሁት ከሄዳችሁ ዓመቱን ሙሉ 96 በመቶ ትከፍላላችሁ፤ ዋናው ብድር ግን እንዳለ ነው። 18 በመቶ የሚያስከፍል ብድርን ላለማሳለፍ 96 በመቶ መግባት ጉድጓድን በጉድጓድ መሙላት ነው።

ዕዳዎችን ሰብስቦ አንድ ማድረግ ግን ሁልጊዜ መጥፎ አይደለም። አዲሱ ብድር በትክክል ሲሰላ ወለዱ ከአሮጌዎቹ ያነሰ ከሆነና አሮጌዎቹ በዚያው ቀን የሚዘጉ ከሆነ ይረዳል። የሚበላሸው አሮጌዎቹ ተዘግተው እንደገና ሲከፈቱ ነው።

የሚሸጥ ነገር ካለ በጊዜ መሸጥም ይታሰብ። በራሳችሁ ገዢ ፈልጋችሁ የምትሸጡት መኪና በሐራጅ ከሚሸጠው የተሻለ ዋጋ ያወጣል። ልብ ያማል፤ አውቃለሁ። ቁጠባ ካላችሁ ደግሞ ሁሉንም አሟጣችሁ ለዕዳ አትስጡ። ቢያንስ የአንድ ወር አስቤዛ ያህል ይቆይ። አለበለዚያ ትንሽ ሕመም እንኳን ወደዚያው የስልክ ብድር ትመልሳችኋለች።

ቤት ውስጥ መንገርም እዚሁ ይገባል። እኔ ለባለቤቴ ሳልነግር ሁለት ወር ቆየሁ። እንዳላስጨንቃት ብዬ ነበር። እሷ ግን እንደ በፊቱ እያቀደች፣ እንደ በፊቱ እያወጣች ነበር፤ ምን ታድርግ፣ አልነገርኳትም። የነገርኳት ቀን ማታ አብረን ቁጭ ብለን ከወጪው ላይ እኔ ለሳምንታት ያላየሁትን ነገር በአንድ ሰዓት ውስጥ አገኘች። ልጆችም እንደ ዕድሜያቸው ቢሰሙ ጥሩ ነው። ቤት ውስጥ አንድ ነገር እንዳለ ቀድሞም ይታወቃቸዋል።

ለሁሉም የማይበቃ ከሆነስ?

ኑሮው ከተሸፈነና መያዣ ያለበት ከተከፈለ በኋላ የቀረው ለሌሎቹ ሁሉ የማይበቃበት ጊዜ አለ። ያኔ ፍትሐዊው መንገድ እንደ ዕዳው መጠን ማካፈል ነው። ለሦስት አበዳሪዎች 60,000፣ 30,000 እና 10,000 አለባችሁ፤ በወር ያላችሁ 2,000 ነው እንበል። የመጀመሪያው 1,200፣ ሁለተኛው 600፣ ሦስተኛው 200 ይደርሰዋል። ስሌቱን በአንድ ወረቀት ላይ አድርጋችሁ ለሦስቱም አሳዩ። እያንዳንዱ አበዳሪ የሚፈራው ሌላው ተከፍሎ እሱ መቅረቱን ነው። ሁሉም እኩል እንደተያዘ ሲያይ ብዙ ጊዜ ይለዝባል። የፍርድ ቤት መጥሪያ ከመጣ ግን በፍጹም ችላ አትበሉ። ባልቀረባችሁበት የሚሰጥ ውሳኔ የእናንተን ወረቀት አያይም። በዚያ ደረጃ የሕግ ባለሙያ ማማከር ያስፈልጋል።

ነገሩ ሲረጋጋና ትንሽ ትርፍ ገንዘብ ሲገኝ የትኛው ዕዳ ላይ ይጨመር? ሒሳቡ ወለዱ ከፍ ያለው ላይ ይላል፤ በገንዘብ ረገድ ትክክል ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት ግን ትንንሾቹን ዕዳዎች አንድ በአንድ የዘጉ ሰዎች ጠቅላላ ዕዳቸውን የመጨረስ ዕድላቸው ከፍ ብሎ እንደተገኘ አሳይቷል። አንድ ስም ከዝርዝሩ ላይ ሲሰረዝ ሰው ጉልበት ያገኛል። እኔ መጀመሪያ ትንሿን ዘጋሁ፤ ከዚያ ወደ ውዱ ዞርኩ። የወለዶቹ ልዩነት ሰፊ ከሆነ ግን ከውዱ ጀምሩ።

ትርፉን ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ጊዜ ወደ ውሉ ተመለሱ። ወለዱ መጀመሪያ በተወሰደው ሙሉ ገንዘብ ላይ የተሰላ ከሆነ ቀድሞ መክፈል ምንም ላይቀንስላችሁ ይችላል። «ዛሬ ጠቅልዬ ብከፍል ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። ቁጥሩ ከቀሪዎቹ ወርሃዊ ክፍያዎች ድምር ካላነሰ ያ ገንዘብ ሌላው ብድር ላይ ይግባ።